የደሴ መንገድ፦ ከመደቡ ወርዶ ዳዴ የሚለው አስፋልት

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ረጅም መንገድ ነው የምንሄደው፣ ሻይ ቡና የምትሉ ከአሁኑ በሉ። ጋቢም ያዙ። ለምን ጋቢ እንዳልኩ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ርዕሳችን የደሴ መንገድ ነው። በመንግሥት ካርታ ላይ ኤ2 ይባላል። ግን እስኪ አንድ ሹፌር «ኤ2ን ይዤ መጣሁ» ሲል የሰማ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። የለም! የደሴ መንገድ ነው፣ አለቀ። ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ ሰሜን ሸዋን ያቋርጣል፣ በከሚሴ አድርጎ ወሎ ይገባል፣ ደሴ፣ ወልድያ፣ ቆቦ ይልና ወደ አላማጣና መቐለ ያልፋል። እኛ ዛሬ እስከ ቆቦ ነን። 570 ኪሎ ሜትር ገደማ። አብዛኛው የአማራ ክልል ገጠር ነው። ከተማ የምንለውም ቢሆን ብዙው መንገዱ ዳር የተሰለፈ ሁለት ረድፍ ቤት ነው፣ ከጓሮው ማሽላ።

(ካርታው ይምጣ።)

እሺ። ከላምበረት ተሳፈርን፣ በኮተቤ ወጣን። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ በሜዳ። ሸኖ ላይ ቅቤውን ታውቁታላችሁ፣ የሸኖ ለጋ፤ ስለ እሱ ማውራት ከጀመርኩ ቪዲዮው ያልቃል። እዚያው አካባቢ ሰገሌ አለ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው መጥተው ከሸዋ ጦር ጋር የገጠሙበት። የልጅ ኢያሱ ነገር ያበቃው በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በአባዱላ ስታልፉ ምንም አይታይም፣ ሳርና ከብት ብቻ። ሰገሌን ለብቻው እንሠራዋለን፣ ቃል ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ይሄን መንገድ ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፦ መደብ።

መደብ ታውቃላችሁ አይደል? የአያቶቻችን ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተጠግቶ ከጭቃ የሚሠራው፣ ቁርበት የሚነጠፍበት፣ እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» የሚባልበት። የከተማ ልጆች ሶፋ አድርጋችሁ አስቡት፣ ግን አይነቃነቅም። አያቴ ቤት ያለው መደብ ወደ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። ሕፃን ሆኜ ከዚያ ላይ ስወድቅ የነበረውን ጩኸት እናቴ አሁንም ታወራዋለች።

እና መደብ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አስቡ። መጀመሪያ እዚያው ላይ ዳዴ ይላል። ደስ ብሎታል፣ ሜዳ ነው፣ አያልቅም ይመስለዋል። ከዚያ ጠርዙ ጋ ይደርሳል። ቁልቁል ያያል። ያመነታል። ከዚያ በሆዱ ተንሸራትቶ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ወለሉ ላይ ዱብ። ወለል ላይ ሲደርስ ግን ወደ መሃል አይሄድም። ምክንያቱም መቆም አይችልም። ምን ያደርጋል? የመደቡን ጠርዝ ይይዛል። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይሉታል። እሱም ጠርዙን እንደያዘ በመደቡ እግር ሥር ጠጋ ጠጋ እያለ ይሄዳል። አንዳንዴ መደቡ ላይ ዳቦ ያያል፣ ቧጥጦ ይወጣል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

የደሴ መንገድ ይሄ ሕፃን ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ከአዲስ አበባ እስከ ጣርማበር መደቡ ላይ ነው፤ ደጋው፣ ብርዱ፣ ገብሱ። ጣርማበር ጠርዙ ነው። እዚያ በሆዱ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሸዋሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ይሄ ሁሉ ጠርዙን ይዞ በእግሩ ሥር መሄድ ነው። በመስኮት ወደ ግራ ተመልከቱ፣ ሁልጊዜ ግድግዳ አለ። መደቡ ነው፤ እጁን አለቀቀም። ደሴ ደግሞ ዳቦው ናት፣ ቧጥጦ ይወጣል። ከደሴ በኋላ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ወልድያን ያልፍና ቆቦ ሜዳ ላይ እንደገና ወለል።

ይሄን ንጽጽር ለባለቤቴ ስነግራት «ሕፃኑ ግን ለምን አዲስ አበባ ተወለደ?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

ሳይንሱን በፍጥነት ልበለው፣ ስምንተኛ ክፍል የተማራችሁት ነው። ስምጥ ሸለቆ። ምድር ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ የምሥራቁ ወገን ሰጠመ፣ የምዕራቡ ከፍ ብሎ ቀረ፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ ተፈጠረ። በግድግዳው እግር ሥር ደግሞ ትንንሽ ረባዳዎች በረድፍ ሰጥመዋል፤ የቦርከና፣ የቆቦ። መንገዱ ከአንዱ ረባዳ ወደ ሌላው ይዘላል። ከግድግዳው ላይ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ወደ አዋሽ። የምዕራቦቹ፣ ጀማና ወንጪት፣ ደጋውን እንደ ቢላ ቆርጠውታል፣ ገደል ነው። በዚያ በኩል አስፋልት መሥራት ማለት በየመንገዱ ገደል መውረድና መውጣት ነው። ጨረስኩ። ቀጣይ።

ቆይ፣ አንድ ነገር ግን። የድሮው መንገድ በዚህ በኩል አልነበረም! ይሄ ነው የሚገርመኝ። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 የአድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው የት ነበር የቀጠሩት? «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው ያሉት። ወረኢሉ ደግሞ መደቡ ላይ ነው፣ ደጋ። ሸዋሮቢት ላግኝህ አላሉም፣ ኮምቦልቻም አላሉም። ምክንያቱ ብዙ አያከራክርም። የቆላው ንዳድ ጦር ይጨርሳል። በቅሎ ደግሞ ገደል አትፈራም፤ ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ ሣር ካገኘች ቅሬታ የላትም። ካሚዮን ሲመጣ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ካሚዮን ገደል አይወድም፣ ንዳድም አይዘውም። ስለዚህ መንገዱ ከላይ ወደ ታች ተጣለ። በቅሎ መደቡ ላይ፣ ካሚዮን ወለሉ ላይ።

እሺ ጣርማበር ደረስን። ከደብረ ብርሃን ወደ 50 ኪሎ ሜትር። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ጋቢውን አሁን ልበሱ።

(የዋሻው ቪዲዮ ይግባ፣ ድምፁም።)

ሹፌሩ መብራት ያበራል። ረዳቱ «መስኮት ዝጉ» ይላል። ማንም አይዘጋም። ከዚያ ጨለማ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል ውኃ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ የሲኖትራክ መብራት። ዋሻው ከ580 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ያው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ነው። ሕዝቡ ሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። እኔ የጣርማበር ዋሻ ነው የምለው። ሰውየው እዚህ አገር እግሩን እንኳ ሳያስገባ በስሙ ዋሻ ማግኘቱ ይከነክነኛል።

እና እዚህ ጋ ልንቆም ነው። ለመቆም አላሰብኩም ነበር፣ ስክሪፕቱም ላይ አልነበረም። ግን ባለፈው ቪዲዮ መጨረሻ «ቀጣዩ የደሴ መንገድ ነው» ካልኩ በኋላ ኮሜንቱ በአንድ ነገር ተሞላ። አንዱን ላንብበው፦ «ጣሊያን አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ከባዶ መሬት መንገድ ሠራልን፣ ሃያ ዓመት ቢቆይ ዱባይ ነበርን።»

ጓዶች። እህቶች፣ ወንድሞች። ኑ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ፣ ከባዶ መሬት የሚለው። ጃንሆይ በ1928 ኅዳር ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ ደሴ የገቡት በመኪና ነው። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እዚያው ነበሩ፣ መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ ሁላችሁም ዘንድ አለ። በመኪና ደሴ የሚያስገባ መንገድ ከሌለ መኪናው በምን ገባ? ተሸክመውት?

ከዚያ ማይጨው ሆነ። ከማይጨው በኋላ የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ ደሴን ያዘና በሚያዝያ ወር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ከ1700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ። ሰልፉን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት፣ እንደ ብረት የጠነከረ ቁርጠኝነት ለማለት ነው፣ ስም ማውጣት ይችላሉ መቼስ። ያ ሁሉ ካሚዮን በምን ላይ ነበር የሚሄደው? በዚህ መንገድ! ገና አንድ ሜትር አስፋልት ሳያነጥፉ። እና ጣርማበር ሲደርሱ ምን ጠበቃቸው? የኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውታል። የብረት ፈቃዱ ቆመ። ወታደሩ ድንጋይ ተሸክሞ እስኪጠግን ድረስ ተገተረ። ከዚያ ነው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡት።

ልብ በሉ። የሌለ መንገድ አይፈርስም። ይሄን ደግሜ ልበለው፦ የሌለ መንገድ አይፈርስም!

ጥሩ መንገድ ነበር ወይ? አልነበረም። ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፣ ካሚዮኑን ሰው ነበር የሚገፋው። እዚህ ላይ አልዋሽም። ጣሊያኖቹ የሠሩት ሥራ ትልቅ ሥራ ነው። ዋሻው ሥራ ነው፣ የድንጋይ ድጋፍ ግንቦቹ ሥራ ናቸው፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት የተለካበት መንገድ ያስደንቃል። ያን የቆፈረው ደግሞ ከጣሊያን የመጣ ሠራተኛ አለ፣ ያገሩ ሰው አለ፣ ከሱዳንና ከየመን የመጣም አለ። ክፍያው እኩል አልነበረም፣ ማን ዝቅ ያለውን እንዳገኘ መገመት አያቅታችሁም።

ሁለተኛ፣ «ሠራልን» የምትለዋ «ልን»። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መስመር ምን ብለው እንደሰየሙት ታውቃላችሁ? የድል መንገድ። ድሉ የማን ነው? በማን ላይ? ይሄ ጦርና ስንቅ ቶሎ ለማድረስ የተሠራ ነው። ምክንያቱም በሰሜን ሸዋ እነ ራስ አበበ አረጋይ ጫካ ገብተዋል፣ ጦር ቶሎ ማድረስ የግድ ነበር። ቤታችሁን ሰብሮ የገባ ሌባ ዕቃችሁን ለማውጣት ብሎ በሩን ቢያሰፋው «በር አሰፋልን» ትላላችሁ?

እሺ ይሄ ንጽጽር ከመደቡ ያንሳል። ግን ገብቷችኋል።

ሦስተኛ፣ ይሄ ለማንም ትዝ የማይለው ነው። መንገድ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም! መንገድ ሳር ቤት ነው፣ ካልከደንከው ያፈሳል። ከነጻነት በኋላ የጣሊያን መንገዶች ጥገና አጥተው እየተቆራረጡ ነበር። በ1943 መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፣ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» የሚሉት እሱን ነው። ግሬደር ይዘው፣ ካምፕ ሠርተው፣ ክረምት ከበጋ የተገተሩት የአውራ ጎዳና ሠራተኞች ናቸው። ከ1990 ወዲህም በመንገድ ልማት ፕሮግራሙ እንደገና ብዙ ተሠርቷል። ስለዚህ ዛሬ የምትሄዱበት አስፋልት የጣሊያን አይደለም። የጣሊያን የሆነው መስመሩ ነው፣ ዋሻው ነው፣ አንዳንድ ቦታ ድልድዩና ግንቡ።

ዱባይ የሚለውን አልመልሰውም። ደከመኝ። ይሄን ክፍል ቆርጣችሁ ለዚያ ሁልጊዜ ግሩፕ ላይ ለሚከራከረው አጎታችሁ ላኩለት፣ እግረ መንገዱን ሰብስክራይብ ያድርግ።

ወደ ጉዟችን። ከዋሻው ወጣን።

ስትወጡ ወይ ጉም ነው ወይ ሰማይ ነው። መካከለኛ የለም። ጉም ካልሆነ ግን እግራችሁ ሥር የተዘረጋው ቆላ እስከ አፋር ድረስ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን ጉም ነበር። ሹፌራችን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው፣ አንዲት እናት ከኋላ «በስመአብ» ሲሉ አንድ ሙስሊም አባት «ያ አላህ» ሲሉ፣ ረዳቱ ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ ሂሳብ ይሰበስባል። እንግዲህ የወሎ አውቶቡስ ነው።

ደብረ ሲና። ቆሎ! አውቶቡሱ ሳይቆም ነው ቆሎ ሻጮቹ የሚከቡት። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ በእጅ ሞቅ የሚል። ሰዎች ለደሴ ዘመድ ከአዲስ አበባ ኬክ ይገዛሉ፣ መንገድ ላይ ክሬሙ ቀልጦ ይደፋል። ተዉት። የደብረ ሲና ቆሎ ውሰዱ።

ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ሸዋሮቢት ስትደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ከ3000 በላይ ተነስታችሁ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ! ጆሮ ይደፈናል። የድሮ ሹፌሮች አንድ ነገር ይላሉ፦ ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው፣ በፍሬን አይደለም። ፍሬን ላይ የተኛ ሹፌር ካያችሁ፣ ሽታውን ትሰሙታላችሁ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ነገር። ያኔ ጸሎት መጀመር ነው።

ሸዋሮቢት ላይ ጋቢውን አውልቁ። ያልኳችሁ ይሄን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተከናነበው ሰውዬ እዚህ ሸሚዙን ፈትቶ በጋዜጣ ያራግባል።

ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ የመንገዱ በጣም ሕይወት ያለው ክፍል ነው፣ እኔ የምወደው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ አለ፣ ሰኞ ደግሞ ባቲ። ባቲ መንገዱ ላይ አይደለችም፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ማለት ነው፣ በድሮው የአሰብ መንገድ። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ ይመጣል፣ ሦስት አራት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ትሰማላችሁ። ከሚሴ አካባቢ የጨፋ ሜዳ ሲመጣ ግመል አስፋልቱን ያቋርጣል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ግመሉ ዞር ብሎ ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ከጅዳና ከሪያድ የምታዩን የከሚሴና የወሎ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ አውሮፕላን ማረፊያው። አለፍን። ከዚያ የሐረጎ ዳገት። ሕፃኑ ዳቦውን አየ! ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትቧጥጡት። ኩርባ፣ ኩርባ፣ ኩርባ። ከዚያ ጦሳ ተራራ፣ ከሥሩ ደሴ። 400 ኪሎ ሜትር ሞላን።

እዚህ ትንሽ ድምፄን ልቀንስ። በ1965 እና 66 የወሎ ረሃብ ጊዜ ከየገጠሩ የወጣው ሰው የመጣው ወደዚህ አስፋልት ነበር። መንገዱ ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። መንግሥት ረሃብ የለም በሚልበት ወቅት፣ መንገደኛው ግን በመስኮት ያይ ነበር። ለዚህ ነው የዚህን መንገድ ታሪክ በአስፋልትና በዋሻ ብቻ ማውራት የሚያቅተኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያም ጦርነቱ ይሄንኑ መስመር ተከትሎ ነው የወረደው፣ ወልድያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋሮቢት። ከላይ የዘረዘርኩት የአውቶቡስ ፌርማታ በሙሉ፣ በተቃራኒው ቅደም ተከተል። አሁንም ጉዞ ያሰባችሁ ሰዎች መጀመሪያ የምትጠይቁት «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ነው፣ ስለዚህ ይሄን ቪዲዮ እንደ ጉዞ ምክር አትውሰዱት።

ከደሴ ወደ ሰሜን ቶሎ ቶሎ ልሂድ። ሐይቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐይቁና እስጢፋኖስ ገዳም። ከዚያ ውጫሌ። አዎ፣ ያቺው ውጫሌ! በ1881 ውሉ የተፈረመባት፣ አንቀጽ 17፣ በአማርኛ ሌላ በጣሊያንኛ ሌላ። ስንት ሰው በአውቶቡስ ተኝቶ እንደሚያልፋት። ጣሊያን ይሄን አገር በወረቀት ሊይዝ የሞከረው ውጫሌ ላይ ነው፣ አርባ ሰባት ዓመት ቆይቶ በካሚዮን ሲመጣ ያለፈው በዚያው አካባቢ ነው። ይሄን ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል። መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ወልድያ።

ወልድያ ላይ መንገዱ ሹካ ይሆናል። በቀጥታ ብንሄድ ቆቦ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ግራና ቀኙ ማሽላ ብቻ የሆነ ሜዳ፣ ወደ ግራ ግን አሁንም ግድግዳው አለ። ሕፃኑ እጁን አልለቀቀም። ወደ ግራ ብንታጠፍ ደግሞ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚያወጣው አለ፣ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት፣ እስከ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚባለው። እሱ ደግሞ በተቃራኒው መደቡን እየቧጠጠ ወጥቶ እዚያው ላይ ይቀራል።

ቀጣዩ ቪዲዮ እሱ ነው። ጋሸና ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ ላኩልኝ፣ ብርዱ ፊታችሁ ላይ የሚታይ ቢሆን ይመረጣል። ደወሏን ተጫኑ። እና እባካችሁ፣ «ቻይና ባይሠራልን» የሚል ኮሜንት ከአሁኑ አትጻፉ፣ ቢያንስ ቪዲዮው እስኪወጣ።

ቻው!